ዜሮና ኦ

ፓኦቴሬ ወደብ ዝናብ ነው ከጠዋት፣
ኪዮስኬን ጠብታው እየደበደባት።
እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ብየዳ በእጄ፣
የሰው ስንጥቅ መስታወት ተከምሮ በደጄ።

ባሶ መጣ ሮጦ፣ ጫማው ውሃ አዝሎ፣
ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ደብተሩን አንጠልጥሎ፤
«ኮዱ አልሠራ አለኝ፤ ጽፌዋለሁ በትክክል፣
አንዱንም ሳልዘል፣ አንዱንም ሳልነቅል።»

ጌሙ የድሮ ነው። የሚጫወቱበት ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል፣
አሁን በኢሙሌተር ስልክ ውስጥ ተከራይቷል፤
ስልኩም ያን አሮጌ መሣሪያ መስሎ
ያኖረዋል፣ ማንም እንዳልሞተበት አባብሎ።

በድልድዩ አፍ ላይ ዘበኛ ቆሟል፣
ባሶን ባየ ቁጥር «አይቻልም» ይላል።
ሁለት ወር ሙሉ። «አይቻልም።» ሁለት ወር።
ልጁም ኮድ ፈለገ፣ በግንብ የሚያሳልፍ፣
እንደ ዓሣ ሽታ በየትም የሚያልፍ።

መጀመሪያ ቨርዥን። ጌሙ የአሜሪካ፣
ኮዱ ለጃፓን ቅጂ የተጻፈ ነው ለካ!
የሰፈሩ ስም አንድ፣ የቤቱ ቁጥር ሌላ፤
መልእክቱን ጎረቤት ተቀብሎ በላ።
ደብተሩን ገለጥኩት። ከሒሳብ የቤት ሥራው ጎን
ባሶ ሁለቱንም ገልብጦ ኖሯል፣ የዚያንም የዚህንም።

ቀጥሎ ዋናው ኮድ፣ በር ከፋች የሚባል፤
እሱ ካልቀደመ ሌላው ደጅ ይቀራል።
ጻፍኩት። አበራሁት። ስክሪኑ ጠቆረ፣
ባሶ በጥርሱ ጥፍሩን ሰበረ።
«ጠፋ? ሴቩ ጠፋ? የእህቴ ነው እኮ!»

ያን ጊዜ ነገረኝ፦ የጀመረችው ቤሴ ናት፣ እህቱ፤
የጀግናዋም ስም ቤሴ ነው፣ በስሟ ነው ቤቱ።
ዓሣ ማሸጊያው ሳይቀጥራት በፊት
ሦስት ዓመት ተጫውታ ያደረሰችው ናት።
ደግነቱ ፋይሉን ቀድቼ ነበር፤
የሙያ ልማድ ነው፣ ሳትቀዳ አትጀምር።

ከዚያ ፊደል በፊደል። እኔ ሳነብ፣ እሱ ሲያይ፣
ጣቴ ከደብተሩ፣ ዓይኑ ከስክሪኑ ላይ፤
ስምንት ነው ወይስ ቢ? አምስት ነው ወይስ ኤስ?
ቀለሙ በዝናብ ሲፈስ፣ ሲፈራርስ።

ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ክብ አየሁ፣
ሆዷ ሞላ ያለ፤ ጥቂት አፍጥጬ ቆየሁ።
ኦ ብሎ ጽፏታል! በዚህ ኮድ ፊደል ከኤ ተነሥቶ
ኤፍ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ኦ የት ሀገር አግኝቶ?
ዜሮ ናት፣ ዜሮ! ምንም የሌላት ምንም፣
ግን እሷን ካልጻፍካት ምንም አይከፈትም።

አረምኳት። ቤሴ ወጣች ድንጋዩን ሰንጥቃ፣
ዘበኛው እንደቆመ፣ እሷ ከኋላው ዘልቃ፤
ባሶ ጮኸ፣ ጨፈረ፣ ብየዳዬን ጣለው፣
እኔም ጮኽኩ፣ ምን ልዋሽ፤ ሃምሳ ዓመቴ ነው።

ማዶ ግን ከተማው ሰው የለውም።
በሮቹ ተሥለዋል እንጂ አይከፈቱም፤
ባለሱቁ ዝም። ጀልባው አይመጣ።
በድልድዩ ያልሄደን የሚያውቅ ሰው ታጣ።
ጌሙ የሚያስታውሰው ዘበኛው ሲፈቅድ ነው፣
ያ ሳይሆን የገባን ማን ሊቀበለው?
«እንመለስ» አለኝ። ኮዱን ቸኩዬ አጠፋሁት፤
ግንቡ መሀል ቀረች። እንደ ሚስማር መታኋት።

ሲመሽ ቤሴ መጣች፣ ፈረቃዋን ጨርሳ፣
ጓንቷ በኪሷ፣ የበረዶ ሽታ ለብሳ።
ስልኩን አየች፣ እኛን አየች፣ ሳቋን ዋጠች።
«ዘበኛው? እሱ እኮ የፋኖስ ዘይት ነው የሚፈልገው፤
ከቦርሳው፣ ሁለተኛው ገጽ፣ ታች ጥግ ላይ ነው።
ገዝቼለት ነበር። ከዚያ ሥራ ጀመርኩ።»

የቀዳሁትን ፋይል መለስኩላት። ሦስት ጊዜ ነካች።
ዘበኛው ፋኖሱን አበራ፣ «እለፊ» አላት። አለፈች።

«ስንት ነው ሒሳቡ?» ደብተሩን ገለጥኩት፣
ሦስተኛው መስመር ላይ ክቧን አሳየኋት።
ባሶ አንገቱን አስግጎ «ኦ!» አለ።
«ዜሮ» አልኩት።